ርካሹ ስንት አስወጣን?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰው አዲስ ዕቃ ይዞ ከታየ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከየት አመጣኸው?» አይደለም፤ «ስንት ገዛኸው?» ነው። ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ መልሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለትዳር ጓደኛ የሚነገር ዋጋ አለ፤ ለጎረቤት የሚነገር ዋጋ አለ፤ ለአማት የሚነገር ዋጋ አለ፤ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ፣ ነጋዴው የተቀበለው ዋጋ ደግሞ አለ። እስከ ዛሬ «ተወደደብኝ፤ ግን ገዛሁት» ብሎ ደረቱን የነፋ ሰው አላየሁም። ሁሉም በርካሽ ገዝቶ፣ ሁሉም ነጋዴውን አክስሮ ወደ ቤቱ ይገባል። ታዲያ ነጋዴው ያን ሁሉ ፎቅ በምን ገንዘብ ሠራው? ይህን የሚጠይቅ የለም።

በእኛ ኮንዶሚኒየም የዚህ ውድድር ባለ ዋንጫ እትዬ ናቸው። ስም አላቸው፤ ብሎኩ በሙሉ የሚጠራቸው ግን እትዬ እያለ ነው። ሾላን፣ ሳሪስን፣ መርካቶን፣ የእሁድ ገበያውን፣ የሸማቾቹን ሱቅ አብጠርጥረው ያውቃሉ። ጠዋት ጨካኝ የነበረው ነጋዴ በስንት ሰዓት ርኅሩኅ እንደሚሆን ሳይቀር በቃላቸው ይዘውታል። ከገበያ ሲመለሱ ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ አይወጡትም፤ በየበሩ ይቆማሉ።

«እስቲ ይሄን ስንት የገዛሁት ይመስልሻል?» ይሏታል ባለቤቴን፣ የቲማቲሙን ፌስታል ከፍ አድርገው።

ባለቤቴ ጨዋታውን ካወቀች ቆይታለች። ሆን ብላ ከፍ አድርጋ ትገምታለች።

«ኧረ እትዬ፣ ይሄማ ከመቶ ሃምሳ አያንስም!»

«ሰማንያ!» ይላሉ፤ ፊታቸው ጥርስ በጥርስ ይሆናል። ከዚያ ወደሚቀጥለው በር። በስህተት «ሰባ» ብሎ የገመተ ጎረቤት ካለ ግን፣ በሚቀጥለው ቡና ሲጠራራ ስሙ ይረሳል።

ጉለሌ የምትኖረው አክስቴ ደግሞ ስለ ዋጋ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ገቢዋ የታወቀ ነው፤ የመምህርነት ጡረታ። ቤቷ ግን ጎድሎ አያውቅም። እንግዳ በድንገት ቢደርስ እንጀራው ከነወጡ አለ፤ ወሩ ሲገባደድም የማንንም በር አታንኳኳም። ገበያ ላይ ብዙ ክርክር አትወድም፤ አንዴ «ቀንስልኝ» ትላለች፣ ካልቀነሰላት ወይ ትገዛለች ወይ ትሄዳለች። እትዬ ቢያዩአት «የዋህ ናት፤ ይበሏታል» ማለታቸው አይቀርም።

ሁለቱን ሴቶች ሳስተያይ የሚታየኝ ይህ ነው፦ ዋጋ የሚቀነሰው ገበያ ላይ ነው፤ ገንዘብ የሚተርፈው ግን ቤት ውስጥ ነው። ከአንዱ እስከ ሌላው ባለው መንገድ ላይ ታክሲ አለ፣ ተሸካሚ አለ፣ ብስባሽ አለ፣ ነቀዝ አለ፣ «ከመጣሁ አይቀር» ተብሎ የተገዛ ሳፋ አለ። እትዬ የሚቆጥሩት ከነጋዴው ጋር ሲለያዩ ነው፤ አክስቴ የምትቆጥረው ድስቱ ሲወጣ ነው።

የሽንኩርቱን ነገር እንይ። ፒያሳ አጠገብ የነበረው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ወደ ጃንሜዳ ሄደ፤ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ለሰሜኑና ለምሥራቁ የከተማ ነዋሪ ሽንኩርት ከምንጩ መግዛት ማለት ስንቅ ተይዞ የሚወጣበት ጉዞ ሆኗል። እንበልና የሰፈሩ ባለሱቅ ኪሎውን 100 ብር ይላል፤ ትልቁ ገበያ ደግሞ 75 ብር። አምስት ኪሎ ለሚገዛ ሰው ትርፉ 125 ብር ነው። ደስ ይላል። ደርሶ መልስ ታክሲ 80 ብር ይሁን። 45 ብር ቀረች። በፀሐይ ሲዞር የዋለ ሰው አንድ ሻይ ቢጠጣ አይፈረድበትም፤ 30 ብር። የቀረችው 15 ብር ናት። እሷም የምትደርሰው «ከመጣሁ አይቀር» ተብሎ ካልሲና የድንች መላጫ ካልተገዛ ነው። ደግሞ ይገዛል። የድንች መላጫ የሌለው ሰው መሆናችን የሚታወቀን ሁልጊዜ ሽንኩርት ልንገዛ የወጣን ዕለት ነው።

ብልጡ ሸማች ለዚህ መልስ አለው፦ «ለአምስት ኪሎማ ማን ይሄዳል? በከረጢት ነው እንጂ!» እሺ፤ ሃያ ኪሎ ይግዛ። በ75 ብር ሒሳብ 1500 ብር። የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት ግን ጎተራ አይደለም። ሽንኩርት ነፋስ ይፈልጋል፤ በማዳበሪያ ታፍኖ ከማጠቢያው ሥር ሲቀመጥ ያልባል፣ ይበቅላል፣ አንዱ ሲበሰብስ አጠገቡ ያለውንም ይዞ ይሄዳል። ክረምት ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ከሃያው አምስቱ ኪሎ ከተጣለ፣ 1500 ብሩ ለአሥራ አምስት ኪሎ ይካፈላል። ኪሎው ስንት መጣ? ልክ 100 ብር። የሰፈሩ ባለሱቅ ዋጋ! ባለሱቁ ይህን ሒሳብ ከእኛ በፊት ሠርቶ ጨርሶታል፤ የሚበሰብሰውን፣ የታክሲውን፣ የሚዛኑን አስገብቶ ነው መቶ ያለን። እኛ ደግሞ «ሌባ ነው» ብለን ተሳፈርን።

ያልተቆጠረ ሌላም ወጪ አለ። ሽንኩርት ቤት ውስጥ ሲበዛ ወጡ ይወፍራል። ዘይት በጀሪካን ሲገባ እጅ ይከብዳል፤ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ጊዜ በማንኪያ ስትለካ የነበረች እጅ አሁን ታንቆረቁራለች። ስኳሩ አሥር ኪሎ ነው ሲባል ልጁ ሻዩን በሦስት ማንኪያ ይጠጣል። በጅምላ የገዛነው በርካሽ ነው፤ የምንበላው ግን በጅምላ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴትዮ የገበያ ዘንቢል ይዛ እንደነበር እጠረጥራለሁ።

የሚዛኑም ነገር አለ። ከ100 ብር ላይ አሥር ብር ለማስቀነስ ሩብ ሰዓት የሚከራከር ሰው፣ ሽንኩርቱ ሲመዘን ዓይኑ ያለው ቦርሳው ላይ ነው። ነጋዴው «ለእናንተ ብዬ ነው እንጂ አያዋጣኝም» እያለ ይመዝናል፤ ከተማው ውስጥ አንድ ኪሎ የማይሞላ ኪሎ መኖሩን ደግሞ የማያውቅ የለም። ኪሎው 850 ግራም ከሆነ፣ በ90 ብር የተገዛው ሽንኩርት ሲሰላ ወደ 106 ብር ይመጣል። በጣሳ የሚሰፈረውም እንዲሁ ነው፤ ቂጡ ወደ ውስጥ የተሰረጎደ ጣሳ ከላይ ሲከመር ዓይን ያጠግባል፣ ከታች የጎደለውን የሚያይ የለም። ከዚያ ላይ «ምርቃት» ተብላ አንዲት እፍኝ ስትጨመር ገዢው ነጋዴውን መርቆ ይሄዳል። የተመረቀው ከራሱ ከተወሰደው ላይ ነው። አክስቴ አስቀንሺ ስትባል የምትስቀው ለዚህ ነው፤ ከዋጋው ይልቅ የምታየው የሚዛኑን መርፌ ነው።

በዓል ሲደርስ ደግሞ ጥበቡ ከፍ ይላል። «የበዓሉ ሳምንት በግ ይወደዳል» የሚለው እውነት ነው። ስለዚህ ቀድሞ መግዛት ብልህነት ይመስላል፤ ግቢና ሣር ላለው ሰው ብልህነትም ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ግን በጉ ደረጃው ሥር ይታሰራል፣ ለጥበቃው ጉርሻ ይሰጣል፣ ድርቆሽ ይገዛለታል፣ ሌሊት ብሎኩን ይቀሰቅሳል። ቦታ የቀየረ በግ ደግሞ በደንብ አይበላም፤ ይከሳል። ሲገዛ የነበረው ላት የበዓሉ ጠዋት የለም። በመጨረሻም ልጆቹ ስም አውጥተውለት ሲያለቅሱ፣ ማስታረቂያ ከረሜላና ኬክ ይገዛል። ይህ ሁሉ ተደምሮ በዋዜማው ከሚጠየቀው ዋጋ ያልፋል። በጉን ግን በርካሽ ነው የገዛነው፤ እሱማ ተነግሯል።

ገንዘብ ሳያስወጣ የሚያከስር ቁጠባም አለ። «ልዋጭ!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ነጋዴ ብር አይጠይቅም፤ አሮጌ ልብስና ጫማ ተቀብሎ ጎድጓዳ ሳህንና ባልዲ ይሰጣል። ብር ስላልወጣ ነፃ ይመስላል። ባል ለለቅሶ የሚለብሰውን ሱፍ ሲፈልግ በቦታው ሦስት ሳህን ያገኛል። ሱፉ ከሳምንት በኋላ ሰልባጅ ተራ ላይ ተተኩሶ ተሰቅሎ ቢገኝ አይገርምም፤ እዚያ ግን ዋጋው በሳህን አይደለም የሚነገረው።

ይህን ሁሉ ያልኩት «ቁጠባ ከንቱ ነው» ለማለት አይደለም። ከንቱማ ቢሆን አክስቴ በምን ትኖራለች? የእሷ ዘዴ ዋጋ ላይ የተመሠረተ አይደለም፤ የቀን መቁጠሪያ ላይ ነው።

ጤፍ የምትገዛው ጥር ላይ ነው። ጤፍ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ከአውድማው በኋላ ገበሬው የሚከፍለው ዕዳ፣ የሚደግሰው ሠርግ አለበት፣ እህሉ በብዛት ይወጣል፣ ዋጋውም ይረግባል። ክረምቱ ገፍቶ ጎተራው ሲጎድል ደግሞ ይወጣል። የዓመቱን ጤፍ በአንድ ጊዜ መግዛት የሚያዋጣው ግን በዋጋው ብቻ አይደለም፤ በጤፉም ጠባይ ነው። ጤፍ ደቃቅ ነው፤ ነቀዝ ገብቶ የሚኖርበት ክፍል የለውም። ገበሬዎች ባቄላና ማሽላን የመሰለውን ትልልቅ እህል ከጤፍ ጋር ቀላቅለው የሚያስቀምጡት ጤፉ ክፍተቱን ሞልቶ ለነቀዝ መሄጃ እንዲያሳጣው ነው። ስለዚህ አክስቴ ጤፍ በኩንታል ትገዛለች፣ ከወለሉ ከፍ አድርጋ እንጨት ላይ ታስቀምጣለች፣ ወደ ወፍጮ የምትልከው ግን ለወር የሚበቃትን ብቻ ነው፤ እህል ይቆያል፣ ዱቄት አይቆይም። ሽምብራና ባቄላ ሲሆን ደግሞ ያቺው ሴት በትንሽ በትንሹ ነው የምትገዛው። አንድ ኩንታል ሽምብራ በርካሽ ገዝቶ ግማሹን ለነቀዝ ማብላት ከብት ማርባት እንጂ ቁጠባ አይደለም።

ቅቤ የምትገዛው በዐቢይ ጾም መሃል ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ቅቤ የማይበላ ብዙ ሕዝብ ባለበት አገር ቅቤ ሻጭ ትሑት ይሆናል፤ ፋሲካ ሲቃረብ ትሕትናው ያልቃል። ቅቤዋን ገዝታ በኮረሪማ፣ በበሶብላ፣ በኮሰረትና በእርድ ታነጥረዋለች፤ የነጠረ ቅቤ ወራት ይቆያል። እዚህ ላይ ከእትዬ ጋር የሚለያዩበት ዋናው ነገር ይታያል። እትዬ ቅቤውን የሚመዝኑት ሲገዙ ነው። አክስቴ ዋጋውን የምታሰላው ከነጠረ በኋላ ስንት ብርጭቆ እንደወጣው አይታ ነው። አሬራው ያልተጨመቀ፣ ሙዝና ሌላ ባዕድ ነገር የገባበት ቅቤ ገበያ ላይ ርካሽ ነው፤ እሳት ላይ ሲወጣ ግን ግማሹ ውኃና ዝቃጭ ሆኖ ይቀራል። በውድ ገዛች የተባለችው ሴት በርካሽ፣ በርካሽ ገዛሁ ያሉት ሴትዮ በውድ ገዝተዋል። እሳት ዳኛ ነው፤ ጉቦ አይቀበልም።

እንጀራም ሒሳብ አለው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይስባል፤ ገና አንድ እንጀራ ሳይጋገር እስኪግል ድረስ ብዙ ይበላል። ስለዚህ ስድስት ስድስት እንጀራ እየጋገሩ «መብራት ቆጠብኩ» ማለት ምጣዱን ደጋግሞ ማሞቅ ነው። የመብራት ታሪፉ ደግሞ በእርከን ነው፤ ብዙ በተጠቀምን ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ከፍ ይላል። «እንግዲያስ የሳምንቱን ባንድ ጊዜ ልጋግር» ያለች ሴት ደግሞ በአራተኛው ቀን ሻጋታ ይጠብቃታል። አክስቴና ጎረቤቷ መፍትሔውን ያገኙት ያለ ስብሰባ ነው፦ አንዷ ጋግራ ስትጨርስ ሌላዋ ሊጧን ይዛ በጋለው ምጣድ ላይ ትቀጥላለች። ዛሬ በአንዷ ቆጣሪ፣ በሚቀጥለው በሌላዋ። ተራው የማን እንደሆነ የሚነሣው ክርክር አለ፤ እሱም ቢሆን ቡና ያስፈላል እንጂ ገንዘብ አያስወጣም።

የጋራ ነገር ከተነሣ ቅርጫ ሳይጠቀስ አይታለፍም። አገራችን ካፈራቸው የቁጠባ ዘዴዎች ቅርጫን የሚያህል ያለ አይመስለኝም። ጥቂት ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ይገዛሉ፤ ታርዶ ከሽንጡም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ለእያንዳንዱ መደብ እኩል ይደርሳል፤ ከዚያ ዕጣ ይወጣል። የሥጋ ቤቱ ኪራይ የለበትም፣ የቆራጩ ደሞዝ የለበትም፣ ሚዛን የለም፣ ስለዚህም የሚሰረቅ ሚዛን የለም። ዕጣው ደግሞ ማንም አድልቶ እንዳይመድብ ያደርጋል፤ የትኛው መደብ ለራሱ እንደሚደርስ የማያውቅ መዳቢ ሁሉ ፍትሐዊ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ይህን የመሰለውን ነው።

የቅርጫን ትርፍ የሚበላው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የበሬ መራጩ ኮሚቴ ነው። በሬ ለማየት የሚሄዱት ወንዶች ሁሉም ስለ በሬ ያውቃሉ። አንዱ ሻኛውን ይደባብሳል፤ ሌላው ጥርሱን ያያል፤ ሦስተኛው ምንም ሳይነካ «ጮማ የለውም» ይላል። በሬው ከተገዛ በኋላ «እንኳን ተገኘ» ለማለት ግሮሰሪ ይገባል። እዚያ የወንድ ቁጠባ ሙሉ ክብሩን ያሳያል። ቤቱ ውስጥ «ለምን ሁለት አምፖል ይበራል?» እያለ ማብሪያ ማጥፊያውን ሲያሳድድ ያመሸው አባወራ፣ ለማያውቀው ሰው ጭምር ድራፍት ያዛል። የአንድ ድራፍት ዋጋ ያቺን አምፖል ስንት ሌሊት እንደሚያበራት ቢሰላ ሰውየው ጨለማ ውስጥ መጠጣት ነበረበት። ይህን ግን ለሚስቱ የሚነግራት የለም፤ እሷም ሒሳቡን ሳትሠራው አትቀርም።

እትዬና አክስቴ አንድ የሚሆኑበት ጉዳይ ቢኖር «ነገ ይወደዳል» የሚለው ነው። በዚህ ላይ ከሁለቱ ጋር መከራከር ያስቸግራል። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድን 7 በመቶ አደረገ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። 10 ሺህ ብር ባንክ ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 10 ሺህ 700 ብር አገኘ፤ በዚያው ብር ሊገዛው የነበረው ዕቃ ግን ከ13 ሺህ ብር አልፎ ጠበቀው። ጤፍ የገዛው በልቶ ተረፈው፤ ብር ያስቀመጠው ወለዱን ይዞ ከሰረ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም «ነገ ይወደዳል» ያሉት ሁሉ ወደ ሱቅ ሲሮጡ የሞኝ ሩጫ ነበር ለማለት አልደፍርም።

ግን እዚህም ልክ አለው። ዘይት ዘላለም አይኖርም፤ ሙቀትና ብርሃን ሲያገኘው ሽታው ይለወጣል። ሁሉም ባንድ ቀን ጀሪካን ሲያሯሩጥ ደግሞ የተፈራው መወደድ በዚያው ቀን ይመጣል፤ ነጋዴው ዋጋ ለመጨመር ሰልፉን ብቻ ማየት ይበቃዋል። ከሁሉ በላይ ግን ዕቃ ሆኖ የተቀመጠ ገንዘብ አይታዘዝም። ልጅ ሌሊት ቢታመም ክሊኒክ ካርድ የሚወጣው በዘይት አይደለም። አክስቴ ጓዳዋ ሙሉ ቢሆንም መሀረቧ ቋጠሮ ላይ ያለችውን ብር ለምንም ቅናሽ ብላ አትፈታትም።

አሁን ቀልዱን ትንሽ እንተወው። ከተማው ውስጥ ሁሉን ነገር በጣም በውድ የሚገዛ ሰው አለ፤ እሱም ድኻው ነው። የቀን ሠራተኛው ዘይት የሚገዛው በጀሪካን ሳይሆን በትንሽ ኩባያ ነው፤ ከሰሉን በፌስታል፣ ቡናውን ለአንድ አፍል፣ የልጁን ዳይፐር በፍሬ። የጉልቷ ሴትዮ በመደብ የደረደረችው ሦስት ሽንኩርት በኪሎ ሲሰላ ከሱፐርማርኬቱ ሊበልጥ ይችላል። ሰውየው ሒሳብ ጠፍቶት አይደለም፤ ኩንታሉ በኪሎ ርካሽ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። የሌለው የኩንታሉ ገንዘብ ነው። ቁጠባም እንደ ንግድ መነሻ ካፒታል ይጠይቃል፤ «በጅምላ ግዙ» የሚለው ምክር የሚጠቅመው በጅምላ መግዛት ለሚችል ሰው ነው።

እቁብ እዚህ ላይ ነው ሥራውን የሚሠራው። በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት የምታዋጣ እንጀራ ሻጭ ዕጣው ሲደርሳት ጤፍ በኩንታል ገዝታ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ወር እንደ ባለሀብት ትገዛለች። ሦስት ጎረቤቶች አንድ ኩንታል ሲካፈሉም ያው ነው። ዱቤ የሚሰጠው የሰፈር ባለሱቅም በዚህ ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት። ኪሎ ላይ አምስት ብር ይጨምራል እንላለን። እሱ ግን ደሞዝ እስኪወጣ ይጠብቃል፣ ማታ በሦስት ሰዓት ሻማ ይሰጣል፣ የቤት ቁልፍ ያስቀምጣል፣ ልጅ ሲላክ መልሱን ቆጥሮ ይልካል። አምስቷ ብር የዚህ ሁሉ ክፍያ ናት። ደሞዝ በወጣ ሳምንት እሱን አልፎ ሱፐርማርኬት የሚገባ፣ ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ደብተሩን የሚያስገልጠው ሰው ነው ባለሱቁን የሚያስከፋው፤ ባለሱቅም ሰው ነው፣ ደብተሩ አንድ ቀን «ሞላ» ይባላል።

የጊዜም ዋጋ ከሰው ሰው ይለያያል። ሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ዘይትና ስኳር ሲመጣ ሰልፉ ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። የቀን ሠራተኛው ያን ግማሽ ቀን ከተሰለፈ የቀን ደሞዙ ሄደ፤ በዘይቱ ላይ ያተረፈው አያካክሰውም። ለጡረተኛው ግን ሰልፉ ነፃ ነው፤ እንዲያውም ወሬ አለው፣ የቆየ ወዳጅ አለው፣ መንግሥትን ማማት አለው። አንድ ዓይነት ሰልፍ፣ አንድ ዓይነት ዘይት፤ ለአንዱ ትርፍ፣ ለአንዱ ኪሳራ ነው።

እትዬንም በዚህ ዓይን ካየናቸው ፍርዳችን መለዘብ አለበት። ሽንኩርት ፍለጋ ከተማውን አቋርጠው 15 ብር ይዘው ሲመለሱ፣ እንደ ቁጠባ ከተቆጠረ ድካም ነው። እንደ መዝናኛ ከተቆጠረ ግን ከተማው ውስጥ ከዚህ የረከሰ የለም። ተጉዘዋል፣ ተከራክረዋል፣ ረትተዋል፣ የሚያወሩት ይዘው መጥተዋል፤ ከሲኒማ በተለየ ደግሞ ሲመለሱ እጃቸው ላይ ቲማቲም አለ። ችግሩ የሚመጣው ቢሮ የምትውለውና ማታ የምትማረው ጎረቤት እሳቸውን አይታ ቅዳሜዋን ሳሪስ ለማሳለፍ ስትነሣ ነው። የእትዬ ትርፍ ያለው መንገዱ ላይ ነው፤ መንገዱን የማይወድ ሰው ቲማቲሙን ብቻ ያተርፋል፣ እሱም ፌስታሉ ውስጥ ተጨፍልቆ።

ስለዚህ በሰፈራችሁ ማን በትክክል እንደሚቆጥብ ማወቅ ከፈለጋችሁ ነጋዴውን አትጠይቁ፤ ነጋዴ ሁሉንም ደንበኛ «ጎበዝ ነሽ፤ አከሰርሽኝ» እያለ ነው የሚሸኘው። ገዢውንም አትጠይቁ። በየሳምንቱ ቆሻሻ የሚሰበስቡትን ልጆች ጠይቁ። የበቀለው ሽንኩርት፣ የሻገተው እንጀራ፣ የነቀዘው ሽምብራ፣ አንድ ቀን ላጥቶ እጀታው የወለቀው የድንች መላጫ፣ ሁሉም የሚያልፈው በእነሱ ትከሻ ላይ ነው። የኛን ብሎክ ቆሻሻ የሚያነሣውን ልጅ እንዴት ነው ሥራ ብዬው ነበር።

«ደህና ነው ጋሼ» አለኝ፣ ማዳበሪያውን ከትከሻው እያወረደ። «ሁለተኛ ፎቅ ቀላል ነው፤ አራተኛም ቀላል ነው። ሦስተኛ ፎቅ ግን ወገቤን ቆረጠኝ። እዚያ ያሉት ሰዎች ዕቃ በርካሽ የሚገዙ ሳይሆኑ አይቀሩም።»